የቆጣሪዋ ቀይ መብራት

ታናሽ እህቴ ዘጠነኛ ክፍል ናት። አንድ ማታ «1500 ዋት ማለት በሰዓት 1500 ይበላል ማለት ነው?» አለችኝ። ሳላስብ «አዎ» አልኳት። ተሳስቻለሁ። ዋት ራሱ በሰከንድ አንድ ጁል (የኢነርጂ መለኪያ) ማለት ነው፤ ጊዜ ውስጡ አለ። «በሰዓት» ብሎ መጨመር ጊዜን ሁለቴ ማስገባት ነው። ቋንቋችንም ሳያሳስተን አልቀረም፤ ኢነርጂውንም (በጠቅላላ የተበላውን) ፓወሩንም (በየሰከንዱ የሚበላውን) «ኃይል» ነው የምንለው።

ስህተቴን ለማረም ቅዳሜ ጠዋት ውሃ ማፍያውን ሰክተን ቆጣሪው ሥር ቆምን። ፍሪጁን ነቀልን፣ አምፖሉን አጠፋን። የኛ ቆጣሪ ቀይ መብራት ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 1000 ጊዜ ብልጭ ትላለች፤ ፊቱ ላይ ተጽፏል። አንድ ኪሎዋት ሰዓት (1000 ዋት ለአንድ ሰዓት ሲሠራ የሚበላው) 3,600,000 ጁል ስለሆነ አንዷ ብልጭታ 3600 ጁል ናት።

አሥር ብልጭታ ቆጠርኩ፣ 22 ሰከንድ። 36,000 ለ22 ሲካፈል 1636 ዋት። ማፍያው ላይ የተጻፈው ግን 1500 ነው። ተጨቃጨቅን። ለካ የመጀመሪያዋን ብልጭታ «አንድ» ብዬ ነው የጀመርኩት! በአሥር ብልጭታ መሃል ያለው ዘጠኝ ክፍተት ብቻ ነው። ከዜሮ ጀምረን ስንቆጥር 24 ሰከንድ ሆነ፤ ልክ 1500።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ ምድጃ ሲለኩስ፣ ያው አሥር ብልጭታ 32 ሰከንድ ፈጀ። 1125 ዋት! ቮልቴጅ ከ220 ወደ 190 ሲወርድ ፓወሩ ሩቡን ያህል ያጣል።

አንድ ሊትር ውሃ ጠዋት በ3 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ፈላ፣ ማታ በ5 ደቂቃ ከ12። ብልጭታው ግን ጠዋት 96፣ ማታ 98። በወረቀት ያሰላነው 84 ነበር (አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ከ20 እስከ 92 ብለን)፤ ትርፉ ማፍያውን ያሞቀውና በእንፋሎት የሄደው ነው። እኔ ደግሞ መብራቱ ሲደክም ቆጣሪው የሚያርፍ ይመስለኝ ነበር።

እማዬ ስታዳምጠን ቆይታ «ታዲያ ማታ ምጣዱ ብጠብቀውም ብጠብቀው ለምን አይሰማም?» አለች። እህቴ ቀደመችኝ። ምጣዱ ሰፊ ነው፣ የሚያገኘውን ሙቀት እዚያው ለአየሩ ይሰጣል፤ ፓወሩ ሲያንስ የሚገባውና የሚወጣው ቶሎ ይተካከላል፣ ከዚያ ወዲያ ቢጠብቁት አይሞቅም።

እማዬ ሊጡን ከድና አሳደረችው።