መንጋጋዬ ቋ ሲል ማን ጋ ልሂድ?

ስፌት ቤቴ ጅማ መርካቶ ውስጥ ነው። እኔ ስሠራ አፌ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ስፒል በከንፈሬ እይዛለሁ፣ ክር በጥርሴ እበጥሳለሁ፤ መቀሱ አጠገቤ ተቀምጦ ማለት ነው። ሙያውን ያስተማረችኝ ሴትም እንዲሁ ነበረች። የማውቃቸው ልብስ ሰፊዎችም እንዲሁ ናቸው።

ድምፁ የጀመረኝ ባለፈው ክረምት ነው። ቀኝ ጆሮዬ ሥር፣ አፌን ስከፍት ቋ! ስዘጋው ደግሞ ቀስ ያለች ሌላ ቋ። ሳዛጋ አጠገቤ ያለ ሰው ይሰማዋል። አንዷ ደንበኛዬ ልኬት ስወስድላት ደንግጣ "ምንድን ነው የተሰበረው?" ብላኛለች። ድምፁ ብቻ ቢሆን ግድም አልነበረኝ። እያደር ግን ጠዋት ስነሳ ጉንጬ ያመኝ፣ እንጀራ ማኘክ ሁሉ ይደክመኝ ጀመር። የላይና የታች ጥርሴም እንደ ድሮው አልገጥም አለ። መስታወት ፊት ቆሜ ሳየው አገጬ ቀጥ ብሎ አይወርድም። መጀመሪያ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ቋ ሲል ወደ መሃል ይመለሳል።

ሰፈሩ ምክር አያጣም። አንዷ ጎረቤቴ "ነፋስ መትቶሽ ነው" አለች። ሌላዋ "ምች ነው" ብላ ዳማከሴ ቆርጣ አመጣች። እማዬ ደግሞ ወጌሻ ጋ ካልሄድሽ ብላ ሙጭጭ። "ወለምታ የሚያሽ ሰው መንጋጋ ያቅተዋል?" ትላለች። ወጌሻ አልንቅም፤ የወንድሜን ቁርጭምጭሚት ያሹለት አባት እጃቸው ይባረክ። ግን እኒያ ትልልቅ ጣቶች አፌ ውስጥ ገብተው ሲስቡ ታየኝና እምቢ አልኩ።

ሕመሙ ጆሮዬ ሥር ስለሆነ ጆሮዬን ታየሁ። ደህና ነው ተባልኩ። ከዚያ አንድ የግል ክሊኒክ ጥርሴን አየና "የማይገጥመውን እንሞርደዋለን" አለኝ። ዋጋውንም ወዲያው ነገረኝ። መንጋጋዬን ሳይነካ፣ አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቅ! "እስቲ ላስብበት" ብዬ ወጣሁ። የጥርስ ሐኪም የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ እየኖርኩ ጥርሴን ለሞረድ አልሰጥም።

በመጨረሻ ያገኘሁት የጥርስ ሐኪም ወጣት ነው። ጥርሴን ከማየቱ በፊት ሁለቱን ጠቋሚ ጣቶቹን ከጆሮዎቼ ፊት ለፊት አሳረፈና "ክፈቺ፣ ዝጊ" አለኝ። ከዚያ የጉንጬን ጡንቻ ጫን ጫን አደረገው። ቀኙ ላይ ሲደርስ ከወንበሩ ተነሣሁ ማለት ይቻላል። ቀጥሎ የራሴን ሦስት ጣት ደርቤ በፊት ጥርሶቼ መሃል እንዳስገባ ጠየቀኝ። ሁለቱ ገቡ፣ ሦስተኛው እምቢ። የጤነኛ አዋቂ አፍ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይከፈታል አለኝ።

ጥያቄውም መጣ። ጫት ትቅሚያለሽ? (ጅማ ነው፣ ሳይጠየቅ አይታለፍም። አልቅምም።) በአንድ በኩል ብቻ ታኝኪያለሽ? ሌሊት ጥርስ ታፋጫለሽ? እኔ አላውቅም ስል አብሮኝ የመጣው ባለቤቴ "ወፍጮ ቤት የተኛሁ ነው የሚመስለኝ" ብሎ አሳቀን። ከዚያ ሐኪሙ መብራቱን አስጠግቶ በቀኝ በኩል ያለውን የፊት ጥርሴን አየ። ጫፉ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ያለች ነገር አለች። "ልብስ ሰፊ ነሽ እንዴ?" አለኝ። ክሩ ነው የቆረጠው።

ነገሩን እንዲህ አስረዳኝ። መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር የሚገናኘው ከጆሮ ፊት ባለው መገጣጠሚያ ነው። በአጥንቶቹ መሃል እንደ ትራስ ያለ ስስ ዲስክ አለ። ዲስኩ ወደ ፊት ሸርተት ካለ፣ አፍ ሲከፈት አጥንቱ ተመልሶ ይወጣበታል። ቋ የሚለው ያኔ ነው። ሕመም ከሌለና አፍ በደንብ ከተከፈተ ድምፁ ብቻውን ሕክምና አይፈልግም። የኔ ሕመም በአብዛኛው የጡንቻ ነው። የጥርሱ አለመግጠምስ? "ጡንቻው ሲረጋጋ ጥርሱ ተመልሶ ሊገጥም ይችላል። የተሞረደ ጥርስ ግን አይመለስም" አለኝ። ራጅ ተነሣሁ፣ አጥንቱ ደህና ነው። ዲስኩ በራጅ አይታይም፣ ኤምአርአይ የሚባል ሌላ ምርመራ ይፈልጋል፤ ለአሁኑ ግን አያስፈልግሽም ተባልኩ።

የታዘዘልኝ ነገር ቀላል ይመስላል። ሙቅ ፎጣ ጉንጬ ላይ። ስለ ጨጓራዬ ከጠየቀኝ በኋላ ለጥቂት ቀን አይቡፕሮፌን የሚባል የሕመም ማስታገሻ። ሌሊት የሚጠለቅ የጥርስ መከላከያ፣ በጥርሴ ልክ የተሠራ። ሽሮና ገንፎ ይፈቀዳል። ቆሎ፣ ቁርጥ፣ ማስቲካ የለም። የበቆሎ ጥብስም የለም፤ ክረምት ላይ፣ በየመንገዱ ዳር እየሸተተ!

የከበደኝ ሌላው ነው። ከንፈር ይዘጋ፣ ጥርስና ጥርስ ግን አይነካካ አለኝ። ለካ ማሽን ስረግጥ ቀኑን ሙሉ ነክሼ ነው የምውለው። አሁን ማሽኑ ራስ ላይ ቀይ ክር አስሬያለሁ፤ ባየሁት ቁጥር ጥርሴን አላቅቃለሁ። ስፒሉ ክንዴ ላይ ወዳሰርኳት ትራስ ተዛውሯል። ተለማማጇ ልጅ ግን ክር በጥርሷ እየበጠሰች ትስቅብኛለች።

የጉርሻ ነገርስ? "ሐኪም ከልክሎኛል" ለስኳርና ለደም ግፊት ይሠራል። ለመንጋጋ ማን ያምናል? ሠርግ ላይ አክስቴ ዶሮውን ጠቅልላ "በሞቴ!" ስትል በእጄ ተቀብዬ ለሁለት ከፈልኩት። እስካሁን አኩርፋለች።

ሐኪሙ አጥብቆ የነገረኝን ግን ሳልጽፍ አላልፍም። አፍ ተከፍቶ አልዘጋ ካለ፣ ወይም ከባጃጅ ወድቃችሁ ጥርሳችሁ አልገጥም ካለ፣ በቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ። ውልቃት ወይም ስብራት ሊሆን ይችላል፤ የሚታሽ ነገር አይደለም።

አሁን ጠዋት ጠዋት አያመኝም። ሦስተኛው ጣትም በግድ ይገባል። ቋ ማለቱ አልጠፋም፣ እማዬም ስለ ወጌሻው ማንሣቷን አልተወችም። በሚቀጥለው ቀጠሮ የሌሊቱን መከላከያ ይዤ እሄዳለሁ። በግራ በኩል ጠርዙ ድዴን ይወጋኛል፣ ያስተካክልልኝ።