ከኮምቦልቻ ወደ ሰመራ በሞተር፦ ሙቀቱ የጣለኝ ስቆም ነው

ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ፣ ከዚያም ወደ ሰመራ በሞተር ብስክሌት ለሚወርድ ሰው የሚሰጠው ምክር ሁሉ ስለ መንገዱ ነው። ስለ ቁልቁለቱ ጠመዝማዛ፣ ስለ ጂቡቲ መስመር ተሳቢዎች፣ ሳይታሰብ አስፋልት ስለሚያቋርጡ ግመሎች ይነገረዋል። ስለ ሙቀቱ ግን «ውኃ ያዝ» ከማለት አልፎ የመከረኝ አልነበረም። ሥራዬ ሰመራ፣ ቤተሰቤ ኮምቦልቻ በመሆኑ በዚህ መንገድ እመላለሳለሁ፤ ያኔ ቢነገረኝ ኖሮ የምለውን ነው የምጽፈው።

ዝግጅቱን በአጭሩ ልለፈው። የጎማ ንፋስ የሚለካው ከመነሳት በፊት፣ ሌሊቱን ቆሞ ባደረ ጎማ ላይ ነው። ሚሌ ላይ ጎሚስታው ጎማው ግሎ ንፋሱ መጨመሩን አይቶ «ላስተንፍስልህ» ቢል እሺ አይባልም፤ ንፋስ የጎደለው ጎማ እየተጣጠፈ ይበልጥ ይግላልና። ሞተሬ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ በቆምኩበት አጠፋዋለሁ፣ ቤንዚንም እስከ አፉ አልሞላም። የጎን ማቆሚያውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አሳርፋለሁ፤ እኩለ ቀን ላይ አስፋልቱ ስለሚለሰልስ ማቆሚያው ይሰምጥና ሞተሩ ይወድቃል።

በልብስ ጉዳይ ግን «ለሙቀት ስስና ሰፊ ልብስ ልበሱ» ከሚለው የተለመደ የጤና ምክር ጋር አልስማማም፤ ምክሩ ለእግረኛ ነው እንጂ ለሞተረኛ አይሆንም። የሰው ቆዳ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ነው። አየሩ ከዚያ በታች ሲሆን ንፋስ ያቀዘቅዛል፤ ከዚያ ሲያልፍ ንፋሱ ራሱ ሙቀት ያመጣል፣ የሚያቀዘቅዘንም የላብ መትነን ብቻ ይሆናል። ሰመራ በሰኔ ቀኑ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ፣ በቲሸርት የሚነዳ ሰው ላቡን ገና ሳይጠቀምበት ንፋሱ ይወስድበታል፣ ፀሐዩም ክንዱን ይልጠዋል፤ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን መናገር አያሻም። እኔ ባቲ ላይ የጥጥ ሸሚዜን ውኃ ነክሬ እለብስና ጃኬቱን እደርባለሁ፤ እጅጌውን ዘግቼ፣ ደረቱን ጥቂት ብቻ ከፍቼ እነዳለሁ። የአፋር አየር ደረቅ ስለሆነ ሸሚዙ በዝግታ እየደረቀ ያቀዘቅዛል። አየሩ እርጥበት በተሸከመበት የጂቡቲ ባሕር ዳርቻ ግን ይህ ዘዴ ብዙም አይረዳም።

ሰዓቱን በተመለከተ ከተሳቢ ሹፌሮች የበለጠ አስተማሪ የለም፤ በቀትር ሽርጣቸውን አገልድመው ተሳቢው ሥር ይተኛሉ። እኔም ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ረፋዱ ሳይገፋ ሚሌን ማለፍ እመርጣለሁ። ይሁንና የጸጥታ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ከተሞቻችን ሞተር ብስክሌት ከምሽት እስከ ንጋት እንዳይንቀሳቀስ ይከለክላሉ። ትእዛዙን የሚያወጣው ሰው ቆላ ወርዶ ያውቅ እንደሆነ እጠራጠራለሁ፤ ከጨለማ የጠበቀውን ሞተረኛ ለቀትር ፀሐይ ይሰጠዋል።

ሙቀቱ በጣለኝ ቀንም ይህ ገደብ እስኪነሳ ጠብቄ ስለተነሳሁ፣ ስሙን ከማልጠራው አንድ ኬላ የደረስኩት ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ነበር። ፈታሹ መንጃ ፈቃዴንና ሊብሬዬን ተቀብሎ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጠየቀኝ። ሞተሩ የግሌ መሆኑን ሊብሬው ላይ ስሜን እያሳየሁ ብነግረውም «አለቃ ይየው፤ አንተ ከሞተርህ እንዳትርቅ» ብሎኝ ወደ ዳሱ ገባ። ዳሱ ውስጥ ባዶ አግዳሚ ወንበር ይታየኝ ነበር።

ስነዳ ያቀዘቅዘኝ የነበረው ሸሚዝ ደርቋል። ከላይ ፀሐዩ፣ ከሥር አስፋልቱ፣ ከጉልበቴ ዘንድ የሞተሩ ግለት ተባበሩብኝ፤ ለጉዞ የጠቀመኝ ጃኬት ሲቆሙበት ሙቀት ማመቂያ ሆነ። አሁን ይጠሩኛል እያልኩ ሄልሜቴን እንኳ አላወለቅኩም። መጀመሪያ ራሴን አመመኝ፣ ቀጥሎ አቅለሸለሸኝ፤ ኋላም በዚያ ሐሩር ብርድ ብርድ አለኝ፣ የእጄ ጣቶችም ተኮማተሩ። ውኃ በደንብ ስጠጣ ነበር፤ ነገር ግን ላብ ጨውም ይዞ ይወጣል፣ ውኃ ብቻውን ያንን አይተካም። አለቃ የተባለው ሰው በመጨረሻ ወጥቶ ከየት እንደመጣሁ ሲጠይቀኝ «ባቲ» ለማለት አፌ ተሳሰረ። «ቅመሃል እንዴ?» አለኝ። ወደ ጥላው ያስገባኛል ብዬ ስጠብቅ ሻንጣዬን ያስፈትሽ ጀመር።

ከአፍዴራ ጨው ጭኖ ከኋላዬ ተራ የሚጠብቅ ሹፌር ባይኖር ምን እንደምሆን አላውቅም። «ኧረ ይሄ ልጅ ሊሞትባችሁ ነው!» ብሎ ማንንም ሳያስፈቅድ ክንዴን ይዞ ተሳቢው ሥር አስገባኝ። ሄልሜቴን፣ ጃኬቴንና ጫማዬን አወለቀ፣ ራሴና ደረቴ ላይ ውኃ አፈሰሰ፣ በካርቶን አራገበልኝ። መዋጥ መቻሌን ካየ በኋላ ስኳርና ጨው በውኃ በጥብጦ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣኝ። እሱ በዓይኑ ነው የመጠነው፤ ትክክለኛው ልክ ለ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው፣ ማንኪያው ሳይቆለል። ንግግር የተሳሰረበትን ሰው ግን እያቀዘቀዙ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ማድረስ ይገባል፤ የሰውነት ሙቀት 40 ዲግሪ ካለፈ ለሕይወት ያሰጋል።

ሊብሬዬ ሲመለስልኝ ደብዳቤ የሚባል ነገር አልተነሳም። ይቅርታ ስጠብቅ አለቃው «ሌላ ጊዜ ውኃ ጠጣ» ብሎ መከረኝ። ምክሩ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

አሁን ኬላ ስደርስ ወረቀት ከመስጠቴ በፊት ሄልሜቴንና ጃኬቴን አወልቃለሁ፤ ፈታሹ ቢቸኩል ይቸኩል። ጠብቅ ከተባልኩ ጥላ እጠይቃለሁ፤ ከከለከሉኝ ሞተሬን እየገፋሁ ተሳቢ ጥላ ውስጥ እገባና «ከሞተሬ አልራቅኩም» እላለሁ። እስካሁን የተቆጣኝ እንጂ ወደ ፀሐይ የመለሰኝ የለም። በኪሴ ኦአርኤስ፣ ማለትም በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት፣ አይጠፋም። ጫት ያነቃል የሚሉትንም አልሰማም፤ ድካሙን ይሸፍናል እንጂ አያስቀረውም። ሽንቴ ከጠቆረ ጉዞው በዚያው ይቆማል፣ ሥራ ቢረፍድም።

በመልሱ ጉዞ ደረቅ ሸሚዝ መያዝ አይዘንጋ። በአመሻሽ ከሚሌ ተነስቶ በእርጥብ ሸሚዝ ባቲ የሚደርስ ሰው ዳገቱ ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ የደነዘዘ እጅም ፍሬን በወቅቱ አይዝም፤ ስለዚህ ዳገቱ ሳይጀመር ቆሞ መቀየር ነው።