ሳልደውል ያንኳኳሁት በር

እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ አንድ ዓመት ተምሬያለሁ፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2010። ከዚያ ወዲህ ሳልመለስ 15 ዓመት አለፈ። በ2017 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን ግን እንደምንም ብር አጠራቅሜ፣ አሥር ቀን ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ።

ዝርዝሬን አውሮፕላን ላይ በስልኬ ጻፍኩት። የሮማውያን መታጠቢያ፣ ሮያል ክሬሰንት፣ ፑልትኒ ድልድይ፣ ከክፍሌ እስከ ባቡር ጣቢያ የምመላለስባት መንገድ። ሰዎቹን ግን ቀን አልቆረጥኩላቸውም። ያኔ አንድ ክፍል ያከራዩኝ ሴትዮና ብሪስቶል የሚኖረው የክፍል ጓደኛዬ “እዚያ ስደርስ አገኛቸዋለሁ” የሚል ቦታ ነበር የተሰጣቸው። ስህተቴ የጀመረው እዚህ ጋ ነው።

ጸሎተ ሐሙስ ጠዋት ቡናዬን ይዤ የአከራዬን በር አንኳኳሁ። በእንግሊዝኛ አንቱ የለም እንጂ እኔ በልቤ አንቱ ነው የምላቸው። ኮታቸውን ለብሰው፣ ሻርፓቸውን ጠምጥመው ከፈቱ። ጮኹ፤ አቀፉኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ሰዓታቸውን አዩ። የመዘምራን ልምምድ አለባቸው። ኮሪደሩ ላይ ቆመን አሥር ደቂቃ አወራን። ከቦርሳቸው ትንሽ ዳያሪ አወጡ፤ ገጹ ሁሉ በጽሑፍ ጢም ብሏል። “ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት” አሉ። ሦስት ሰዓት ማለት የኛ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ስሜን በእስክሪብቶ ጽፈው ሁለት ጊዜ አሰመሩበት።

እውነቱን ልናገር፣ ቅር አለኝ። እኛ ቤት 15 ዓመት የጠፋ ሰው በር ላይ ሲቆም ሥራው ይቀራል፣ ቡና ይፈላል። ቀጠሮ የሚሰጠኝ ሐኪም ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ወደ ዝርዝሬ ተመለስኩ። ሮያል ክሬሰንት 30ዎቹ ቤቶቹን ደርድሮ እዚያው አለ፤ ከ1700ዎቹ ጀምሮ የቆመ ነገር በ15 ዓመት ምን ይሆናል? መታጠቢያው ጋ 46 ዲግሪ የሚሞቀው ውኃ አሁንም እንፋሎቱን ይለቃል። የመግቢያውን ዋጋ አይቼ እንፋሎቱ ይበቃኛል አልኩ። የተለወጠው ምሳው ነው። ድሮ ጾም ምን ማለት እንደሆነ ለአስተናጋጅ ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ይመጣል። አሁን “ቪጋን” ማለት ብቻ ነው። ሕማማትን እንደዚህ ተመቻችቼ ጾሜ አላውቅም።

ዝርዝሩ በግማሽ ቀን አለቀ። ድልድዩ ላይ ቆሜ “አስታውስ?” የምለው ሰው አጠገቤ የለም።

ስለዚህ በእግሬ ፌርፊልድ ሃውስ ሄድኩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ቤት ነው፤ ኋላ ለከተማዋ አረጋውያን መገልገያ እንዲሆን የሰጡት። ተማሪ ሳለሁ በአውቶቡስ ስንቴ በአቅራቢያው አልፌያለሁ፤ የገባሁት አንዴ ብቻ ነው። ቤቱ ሰፊ ነው፤ ለንጉሠ ነገሥት ግን ቤተ መንግሥት አይባልም። በሩ ላይ ቆሜ ያሰብኩት ታሪክ ሳይሆን ብርዱን ነው። ሚያዝያ ላይ እንዲህ ከሆነ ጥር ላይ እንዴት ቻሉት?

ቅዳሜ ለፋሲካ ሎንዶን ወደ አንዱ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሌሊቱን አስቀድሼ፣ ሊነጋ ሲል በዶሮ ወጥ ፈስኬ፣ ወደ ባዝ ለመመለስ ጣቢያ ስደርስ በዓሉን ጠብቀው ሐዲዱን እየጠገኑ ነው። በባቡር ፋንታ አውቶቡስ! የአንድ ሰዓት ተኩሉ መንገድ አራት ሰዓት ፈጀ። እንግሊዝ አገር የሐዲድ ጥገና ለበዓል ሰሞን እንደሚቀጠር ድሮ አውቅ ነበር፤ ረስቼዋለሁ። በበዓል የምትጓዙ ከሆነ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የጥገናውን ማስታወቂያ እዩ። በአዘቦት ቀን ደግሞ ከጠዋቱ 3:30 በኋላ ያለው ባቡር ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ሰኞ ብሪስቶል ወረድኩ። ለጓደኛዬ ከሐሙሱ ትምህርት ወስጄ ደውዬለት ነበር። ክሊፍተን ድልድይን ተሻገርን፤ እ.ኤ.አ. በ1864 ሲመረቅ የነደፈው ብሩኔል ከሞተ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። ከዚያ ፐብ ገባን። እዚያ ሁሉም ተራ በተራ ለሁሉም ይጋብዛል፤ ተራውን የሚዘል ሰው በጥሩ አይታይም። ተራዬ ሲደርስ ከድሮ የኪስ ቦርሳዬ ያስቀመጥኳትን ባለ 20 ፓውንድ ኖት በኩራት ዘረጋሁ። ልጅቷ እንደ ሙዚየም ዕቃ አገላብጣ አየቻት። አዳም ስሚዝ ያለባት የወረቀቷ ኖት እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2022 በኋላ አትሠራም፤ አሁን ያለው ፕላስቲክ ነው። ጓደኛዬ እስኪያለቅስ ሳቀ። ደግነቱ የእንግሊዝ ባንክ ያረጀውን ኖት መቼም ቢሆን ይቀይራል፤ “በፖስታ ልኬ አስቀይርልሃለሁ” ብሎ ወሰዳት። እናንተም መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጣችሁት ካለ እዩት።

የአከራዬን ነገር ሳማርርለት አቋረጠኝ። “በእስክሪብቶ ነው የጻፉህ? እንግዲያው አንድ ነገር ሰርዘውልሃል።”

ማክሰኞ ከዘጠኝ ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀድሜ ደረስኩ። ዳያሪው ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር። ሰረቅ አድርጌ አየሁት፤ ከስሜ ሥር የተሰረዘ መስመር አለ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

መስኮቱ ላይ ያኔ ወደ አገሬ ስመለስ የሰጠኋቸው ጀበና ተቀምጧል። በጠባቧ አንገቱ ሁለት ቢጫ አበባ ተሰክቶበታል። “ካንተ በኋላ ማን ያፈላበታል?” አሉ፤ አፈሩ። አበባውን አውጥተን አጠብነው፤ ያመጣሁትን ቡና አፈላንበት። አቦሉ የአበባ ውኃ የአበባ ውኃ ስላለ ደፋነው። ቶናውን በሻይ ስኒ ጠጣን። በረካው ላይ እስክሪብቷቸውን አነሱና “ቀጣዩ መቼ ነው?” አሉኝ። ዳያሪው የዚያ ዓመት ብቻ ስለሆነ መጨረሻው ላይ ካለው ባዶ ገጽ ጻፉት።