የሰንሴ ሁለት ቀበቶዎች

የካራቴ አስተማሪዬ የሰማንያ ቀን ተዝካር ባለፈው እሑድ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወጣ። አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጥነው ግማሾቻችን አዲስ አበባ ሳሉ ያስተማሩን ልጆች ስንሆን፣ ሌሎቹ ደግሞ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት አብረዋቸው የሠሩ ነርሶችና ረዳት ነርሶች ነበሩ። ሁለታችንም ወገኖች የምናወራው ስለ አንድ ሰው መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደብን። እኛ በጃፓንኛ «መምህር» ለማለት ሰንሴ እንላቸዋለን፤ እነርሱ ጋሼ ይሏቸዋል። እኛ ቁጣቸውን እያነሣን ስንስቅ፣ እነርሱ ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምተው እንደማያውቁ ነገሩን።

እኔ ያገኘኋቸው በ1984 ዓ.ም. ኮልፌ፣ አንድ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ነበር፤ የካራቴ ልብሳችንም እናቶቻችን ከአቡጀዲ ያሰፉልን ነው። ያስተምሩን የነበረው ሾቶካን የሚባለውን ስልት ሲሆን፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ሃያ አንድ እንቅስቃሴ ካላት፣ ሄያን ሾዳን ከምትባለው የጀማሪዎች ተከታታይ ልምምድ ውጪ ምንም አላሳዩንም። እኛ የምንጠብቀው በቪዲዮ ቤት ከፍለን ያየነውን የሆንግ ኮንግ ፊልም ዝላይ ነበር፤ እርሳቸው ግን የሚያዩት እግራችንን ብቻ ነው። «ጉልበትህን ሰበር፣ ጀርባህን ቀጥ!» ይሉ ነበር፤ ይህን ቃል በሕልሜ ሁሉ ሰምቼዋለሁ።

ዲቪ ደርሷቸው አሜሪካ የገቡት በ1992 ዓ.ም. ነው። ካራቴ ለማስተማር አስበው ነበር፤ የቦታ ኪራይና የቤተሰብ ቀለብ ግን አብረው አልሄዱም። መጀመሪያ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠሩ፤ ቀጥለውም እዚህ ሁላችንም ሲኤንኤ የምንለውን የረዳት ነርስነት ሥልጠና ወሰዱ። የፌዴራሉ ሕግ ለዚህ ሥራ በትንሹ የሚጠይቀው የ75 ሰዓት ሥልጠና ነው። ጥቁር ቀበቶ ለመታጠቅ ዓመታት የደከሙት ሰው እንደገና ከነጭ ቀበቶ ጀመሩ ማለት ነው።

ይህን ስሰማ አፈርኩ፤ ዛሬ እንድጽፍ ያስገደደኝም ይኸው እፍረት ነው። ስለ እርሳቸው የሚጠይቀን ሰው ሲኖር «ሆስፒታል ይሠራሉ» ብለን በአጭሩ እናልፈው ነበር። ሽማግሌ ማጠብና ዳይፐር መቀየር ለእኛ ሰንሴ አይመጥንም ብለን ነበርና። በአገራችን በሽተኛን ማስታመም ለልጅ ግዴታ፣ ለጎረቤት ጽድቅ ነው፤ ያው ሥራ ደመወዝ ሲከፈልበት ለምን የሚደበቅ ነገር እንደሚሆን ያኔ ራሴን አልጠየቅሁም።

እኔም ወደዚህ በመጣሁበት ዓመት ቤታቸው ምሳ ጋበዙኝና፣ ከንፈሬን ልመጥ ምንም ሳይቀረኝ «ካራቴውን ተዉት ማለት ነው?» አልኳቸው። አልተቆጡም። የሾቶካን አባት የጊቺን ፉናኮሺ ልጅ ዮሺታካ መተዳደሪያው ምን እንደነበር አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። የራጅ ቴክኒሻን ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት፣ እ.ኤ.አ. በ1945 በዚያው በሽታ እስኪሞት ድረስ፣ ከራጁ ሥራ ጎን ለጎን ያስተምር ነበር። ዛሬ ሾቶካን የሚታወቅበትን ሰፊና ዝቅ ያለ አቋቋምም ያመጣው እርሱ እንደሆነ ይነገራል (ኮልፌ ሲሚንቶ ላይ ጭናችን እስኪንቀጠቀጥ የተቀጣንበት አቋቋም መሆኑ ነው)።

ከዚያ ተነሥተው ከሥራ ቦርሳቸው ሰፊ የሸራ ቀበቶ አወጡና ወገቤ ላይ አሰሩት። ጌት ቤልት ይባላል፤ ራሱን ችሎ መቆም ያቃተውን ሰው ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ለማዛወር የሚያገለግል ነው። ወንበር ላይ አስቀምጠው ሰውነቴን ሙሉ በሙሉ እንድለቅ አዘዙኝ። ከእርሳቸው ቢያንስ ሃያ ኪሎ እበልጥ ነበር። እግራቸውን ከፈት አድርገው፣ ቀበቶውን ከሥር ይዘው፣ እስከ ሦስት ቆጥረው ብድግ ሲያደርጉኝ ጉልበታቸው ሰበር፣ ጀርባቸው ቀጥ ያለ ነበር። እኔም ተመልሼ ስቀመጥ የምለው ጠፋኝ።

የቀረውን ያወቅሁት እሑድ ዕለት ከባልደረቦቻቸው ነው። በአርባዎቹ ዕድሜያቸው ተምረው ኤልፒኤን የሚባለውን የነርስነት ፈቃድ አግኝተው ነበር፤ ነርስ ከሆኑ በኋላም በሌሊት ፈረቃ፣ የመኝታ ቁስል እንዳይወጣባቸው ሕሙማንን በየሁለት ሰዓቱ የማገላበጡን ሥራ ለረዳቶቹ ብቻ አልተዉትም። የመርሳት በሽታ ይዟቸው የቀረባቸውን ሁሉ በቡጢ የሚማቱ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ሰንሴ ቡጢውን በመዳፋቸው ተቀብለው፣ ሰውየው እስኪረጋጉ ድረስ እጃቸውን ይዘው ይቆሙ ነበር አሉ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 መንከባከቢያ ቤቶቹ በኮቪድ ምክንያት ለጠያቂ ሲዘጉ፣ ልጆች ከውጭ በመስታወት እናቶቻቸውን እንዲያዩ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮት ይገፉ እንደነበርም ሰማሁ።

አንዲት ነርስ ግን ከእኛ የምትፈልገው መልስ ነበራት። ሰንሴ በሽተኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ሁልጊዜ ደጃፉ ላይ ቆም ብለው ጎንበስ ይሉ ነበር። እርሷም የቤተ ክርስቲያን ደጅ መሳለም የለመደባቸው መስሏት ለዓመታት ሳትጠይቃቸው ቀርታለች። እኛ የኮልፌ ልጆች እርስ በርስ ተያየን። የቀበሌውን አዳራሽ በር ያን ሰላምታ ሳይሰጥ የሚያልፍ ልጅ ተመልሶ እንዲገባ ይደረግ ነበር።

ባለቤታቸው ሁለቱን ቀበቶዎች ይዘው መጡ። ከማርጀቱ የተነሣ ጫፉ የነጣውን ጥቁር ቀበቶ ከሁላችን በፊት ጥቁር ቀበቶ የታጠቀው ጓደኛችን ወሰደው። የሸራውን እኔ ለመንኩ። እናቴ ከዚህ ክረምት ወዲህ ብቻዋን ከአልጋ መነሣት ስላቃታት፣ ጠዋት ጠዋት የማነሣት በእርሱ ነው። ዛሬ «አጠበቅኸው» አለችኝ፤ ሁለት ጣት እስኪያስገባ ድረስ ላላ አደረግሁላት።