የመርሳት ሕመም ያለባቸውን አዛውንቶች ሥር የሰደደ ጭንቀት ለመለካት ስሞክር

ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ የመረጥኩት ርዕስ ወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ይመስል ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በልጆቻቸው ቤት የሚጦሩ፣ የመርሳት ሕመም ያለባቸው አዛውንቶች ለወራት የተጠራቀመ ጭንቀት አለባቸው ወይ፣ ካለባቸውስ በምን ይለካል የሚል ነው። ለብዙ ዓመታት በነርስነት ስለሠራሁ ሕመምተኛ ማነጋገር አያቅተኝም ብዬ ነበር የገባሁበት።

በእጄ የያዝኩት መጠይቅ ሼልደን ኮኸንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ካወጡት የጭንቀት መመዘኛ የተወሰደው፣ 10 ጥያቄዎች ያሉት አጭሩ ቅጂ ነበር። በመጀመሪያው ቤት ሻሻቸውን አሥረው በረንዳ ላይ ፀሐይ የሚሞቁትን እናት፣ «ባለፈው አንድ ወር ችግሮች ተደራርበው ከአቅምዎ በላይ የሆኑብዎት ምን ያህል ጊዜ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ተመስገን ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ሁለተኛውንም «ተመስገን»፣ ሦስተኛውንም «ተመስገን፣ ምን እሆናለሁ» እያሉ አለፉት። ሌሊቱን ሙሉ የበር መቀርቀሪያ ይዘው ሲታገሉ እንዳደሩ የነገረችኝ ሻይ ይዛ የመጣችው ልጃቸው ናት። ማታ ቤት ገብቼ መልሶቹን ሁሉ «በጭራሽ» ብዬ ሞልቼ ደመርኳቸው። ከጥያቄዎቹ አራቱ በተገላቢጦሽ ስለሚቆጠሩ ከ40 ነጥብ 16 ወጣ። ይህ ቁጥር ስለ እኚያ እናት የሚናገረው አንዳች ነገር አልነበረም። መጠይቁ ሰው አንድ ወር ወደ ኋላ ሄዶ እንዲያስታውስና ስለ ራሱ እንዲያማርር ይጠብቃል። የመጀመሪያውን ሕመሙ ነሥቷቸዋል፤ ሁለተኛውን ደግሞ ባህላችን ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዳያደርጉት አስተምሯቸዋል። ከዚያ በኋላ መጠይቁን ሕመሙ ገና ለጀመራቸው ሰዎች ብቻ ተውኩት።

ቀጥዬ ኮርቲሶል የተባለውን የጭንቀት ሆርሞን በምራቅ ወደ መለካት ዞርኩ። ኮርቲሶል በጤነኛ ሰው ላይ ከእንቅልፍ በተነሣ በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከፍ ብሎ፣ ከዚያ እየቀነሰ ሄዶ እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅ ይላል፤ በመሆኑም ቢያንስ ለጥቂት ቀናት፣ በቀን ደጋግሞ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። ምራቁ የሚሰበሰበው አፍ ውስጥ በሚቆይ ትንሽ የጥጥ ጥቅል ነው። እኚሁ እናት ጥቅሉን ከተቀበሉኝ በኋላ ጥርሳቸውን ገጥመው አልመልስም አሉ። እኔ «እማማ፣ ይትፉት» እያልኩ ስለምን፣ ልጃቸው ስታለቅስ፣ በመጨረሻ ማር በማንኪያ ሰጥታ አስከፈተቻቸው። ናሙናው በማር ስለተበከለ ተጣለ፤ ከሁሉ የከፋው ግን ጥጡ ሊያንቃቸው ይችል የነበረ መሆኑ ነው። ጭንቀትን ልለካ ሄጄ በዚያ ቤት ከነበረው ሁሉ የበለጠ ጭንቀት የፈጠርኩት እኔ ነበርኩ። በሌሎቹ ቤቶችም ብዙዎቹ የሚወስዱት መድኃኒት አፍ ስለሚያደርቅ የሚበቃ ምራቅ አልተገኘም።

ከተገኘው ጥቂት ናሙና ደግሞ የማታው ከጠዋቱ በልጦ ታየኝ። ለሁለት ቀናት ያህል አንድ ትልቅ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው፦ አስታማሚዎቹ የጻፉት በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተሞላው እንደ ፈረንጅ ሰዓት ነው። ማለዳ 1 ሰዓት የተወሰደው እንደ ሌሊት ናሙና ተቆጥሮ ነበር። ያን ጊዜ ቅጹን ቀይሬ በሰዓት ፈንታ «እንደ ነቁ»፣ «ከምሳ በፊት»፣ «ሊተኙ ሲሉ» አልኩት።

የቆየ ጭንቀትን ለማየት በእርግጥ የረዳኝ ፀጉር ነው። ፀጉር ሲያድግ ኮርቲሶልን ይዞ ስለሚወጣ፣ ከራስ ቅል አጠገብ ያለው 3 ሴንቲሜትር ያለፉትን ሦስት ወራት ገደማ ያሳያል ተብሎ ይታሰባል። ስሌቱ ግን በወር 1 ሴንቲሜትር በሚያድግ ፀጉር የተሠራ ነው፤ የአፍሪካውያን ፀጉር በአማካይ ከዚያ ቀርፋፋ ስለሆነ ያው 3 ሴንቲሜትር ወደ አራት ወር ሊጠጋ ይችላል። የተጠቀለለ ፀጉር ሳይሳብ ከተለካም ርዝመቱ ያታልላል። ናሙናው ከኋላ በኩል፣ ከአናት ዝቅ ብሎ፣ 3 ሚሊሜትር ገደማ የሚወፍር ዘለላ ሆኖ ከሥሩ ይቆረጣል፤ ሥሩ የቱ እንደሆነ ምልክት ተደርጎበት በአሉሚኒየም ፎይል ይጠቀለላል። ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሆኖም የሰው ፀጉር ቆርጦ ይዞ መሄድ በእኛ ዘንድ ምን እንደሚያስጠረጥር አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። አንዲት ምራት መቀሱን ስታይ ተነሥታ፣ «ሲስተር፣ ፀጉሩ የት ነው የሚሄደው?» አለችኝ። ለድግምት ይውላል ብላ መፍራቷ ገባኝ፤ አልተከራከርኳትም። ከዚያ ወዲያ የሚቆርጠው እኔ ሳልሆን፣ ሹሩባ ተፈትቶ በሚበጠርበት ቀን የቤተሰቡ ሰው እንዲሆን አደረግሁ፤ የተረፈውንም እዚያው መለስኩላቸው። የቤተሰቡ ፈቃድ ብቻውንም አልበቃኝም፤ አዛውንቷ ጭንቅላታቸውን ከሸሹ እንደ እምቢታ ቆጥሬ ተመለስኩ። ቅቤ የተቀባ ፀጉር እስኪታጠብ ጠበቅን። ቀለምና ማለስለሻ የነካውን የኮርቲሶሉን መጠን ስለሚቀንሱ ለይተን መዘገብን። ፀጉራቸውን በሐዘን ምክንያት የተቆረጡ ሴቶችና አብዛኞቹ ወንዶች ከጥናቱ ወጡ።

አንድ የፀጉር ውጤት እጅግ ከፍ ብሎ ሲመጣ ወደ ቤቱ ተመለስኩ። «መድኃኒት ይወስዳሉ?» ለሚለው ጥያቄ «ከደም ግፊት ሌላ የለም» ተብዬ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን «ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ አምጡልኝ» ስል አንድ ፌስታል ወጣ፤ ውስጡ ለጉልበት ሕመም ከፋርማሲ የተገዛ ፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ፣ ማለትም ኮርቲሶልን መሰል መድኃኒት፣ ነበረበት። ይህ መድኃኒት በአንዳንድ የላቦራቶሪ ዘዴዎች ላይ ራሱን እንደ ኮርቲሶል ያስቆጥራል፤ ሌላው ስቴሮይድ ዴክሳሜታሶን ደግሞ በተቃራኒው ሰውነት የሚሠራውን ኮርቲሶል ያወርዳል። ስቴሮይድ ያለባቸው የፊት ቅባቶችም እንዲሁ ውጤት ያዛባሉ። ዛሬ ከመቀሱ በፊት የማየው ፌስታሉን ነው።

ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ ሲመጣም ትርጉሙ ቀላል አይደለም። ኮርቲሶልን «በቃ» ብሎ ከሚያስቆሙት የአንጎል ክፍሎች አንዱ ሂፖካምፐስ ነው፤ ዋነኛው የመርሳት ሕመም ዓይነት የሆነው አልዛይመር ቀድሞ ከሚያጠቃቸው መካከልም ይኸው ይገኛል። ስለዚህ ከፍ ያለ ቁጥር የኑሮውን ጭንቀትም፣ የበሽታውን ጉዳትም ሊያሳይ ይችላል። በዚህ ምክንያት አንዷን እናት ከሌላዋ ጋር ማወዳደሬን ትቼ፣ እያንዳንዱን ሰው ከቀድሞው ከራሱ ጋር ማስተያየት ጀመርኩ።

ለዚህ ደግሞ የአስታማሚው ዐይን ያስፈልጋል፤ እሱም ቢሆን ያለ እንከን አይደለም። ሠራተኛዋ ጥላ በሄደችበት ሳምንት አንዲት ልጅ የእናቷን መረበሽ ከወትሮው እጥፍ አድርጋ ሞላችልኝ። 22 ጥያቄ ያለውን የዛሪት የአስታማሚ ጫና መጠይቅ ሳስሞላት ጣሪያ የነካው የራሷ ነጥብ ነበር። ስለዚህ «ተጨንቀዋል ወይ?» ማለቱን ትቼ የሚታይ ነገር ብቻ እንድትጽፍ ደብተር ሰጠኋት። ያስጻፍኳት በስንት ሰዓት ተኙ፣ ስንት ጊዜ በር ሞከሩ፣ ሲታጠቡ ጮኹ ወይ የመሳሰለውን ነው። እሷ ግን በራሷ አንድ ነገር ጨመረችበት። እናቷ ሲከፋቸው የነጠላቸውን ጫፍ ይቋጥራሉ፤ ማታ ሲተኙ ቋጠሮዎቹን ትፈታና ትቆጥራለች። በሦስተኛው ወር ደብተሩን ስገልጥ ከ11 ሰዓት በኋላ ቤቱ ሲጨላልም ቋጠሮው እንደሚበዛ ታየ። ሳሎኑን ሳይመሽ ማብራት ጀመሩ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ገጾች ላይ «ዛሬ ሁለት ብቻ» የሚል ጽሑፍ ደጋግሞ ይታያል።