አስቀድሞ መወሰንና ነጻ ፈቃድ፦ ከአራት ኪሎ የንባብ ቡድን የተጻፈ የልምድ ማካፈያ

ከሥራ ሰዓት በኋላ አራት ኪሎ አካባቢ እየተሰበሰብን የምናነብ ጓደኛሞች፣ እግዚአብሔር ሁሉን አስቀድሞ የሚያውቅና የሚወስን ከሆነ የሰው ነጻ ፈቃድ እንዴት ይቆማል የሚለውን ጥያቄ ይዘን ቆይተናል። በየጉባኤያቸው ይህንኑ የሚያጠኑ ወንድሞችና እኅቶች የደረስንበትን እንድናካፍላቸው ደጋግመው ስለ ጠየቁን፣ የትኛው መንገድ እንዳራመደንና የት ላይ እንደ ቆምን ከዚህ በታች አስፍሬአለሁ። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

ቡድናችን ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ የተሰበሰበ አለመሆኑ በእጅጉ ጠቅሞናል። አብዛኞቻችን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጆች ስንሆን፣ ከመካነ ኢየሱስና ከመሠረተ ክርስቶስ የመጡ ጓደኞችም አሉን። መካነ ኢየሱስ በዋናነት የሉተራውያንን ትውፊት የተከተለች ብትሆንም በ1974 የቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ስትቀላቀላት የእግዚአብሔርን ውሳኔ አጥብቆ ከሚያስተምረው ከካልቪን ትውፊት የመጣውን የፕሬስቢቴሪያንን ቅርስ ጨምራ ወርሳለች፤ መሠረተ ክርስቶስ ደግሞ የሰውን ፈቃድ ነጻነት አጥብቀው ከሚይዙት ከሜኖናውያን ሥር የወጣች ናት። በዚህም ምክንያት በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓን የከፋፈለው ክርክር ሳንጠራው እኛው ጠረጴዛ ላይ ተገኝቷል። ከመጀመሪያው የተስማማንበት ደንብ አንድ ብቻ ነው፤ ማንም ሰው የሌላውን አቋም ከመንቀፉ በፊት ባለቤቱ «አዎን፣ የምለው ይህንን ነው» እስኪል ድረስ አሳምሮ ማስረዳት አለበት። ደንቡ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ምሽት ግን ከማስረዳቱ ሳናልፍ ተለያይተናል።

ለጥናቱ ትልቁን እርምጃ ያስገኘልን ጥያቄውን መከፋፈላችን ነው። «ቅድመ ውሳኔና ነጻ ፈቃድ» እያልን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን ይዟል፦ የእግዚአብሔር አስቀድሞ ማወቅ ከሰው ነጻነት ጋር ይስማማልን? አስቀድሞ መወሰኑስ? ሰው በጎውን እንዲፈቅድ የሚያደርገው ጸጋስ? ይህ አከፋፈል የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ አንሰልም በ1109 ከማረፉ ጥቂት ቀደም ብሎ የተከተለው ነው። ሦስቱን ለይቶ ያልያዘ ሰው ለመጀመሪያው ጥያቄ የሰጠው መልስ ሦስተኛውን ጭምር የፈታለት ይመስለዋል፤ በእኔ ግምት በአገራችን ጉባኤያት የሚደረገው ክርክር ፈቀቅ የማይለው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ አስቀድሞ ማወቅ በሰንበት ትምህርት ቤት ሁላችንም የሰማነው ምሳሌ አለ። መምህሩ ሰነፉ ተማሪ በፈተናው እንደሚወድቅ አስቀድሞ ያውቃል፤ ተማሪው የሚወድቀው ግን ባለማጥናቱ እንጂ መምህሩ ስላወቀ አይደለም ይባላል። ምሳሌው ማወቅና ማስገደድ የተለያዩ መሆናቸውን በሚገባ ያሳያል፤ ከዚያ በላይ ግን አይሸከምም። መምህሩ የሚገምት ነው፤ ተማሪው ሌሊቱን ሙሉ አጥንቶ ሊያሳፍረው ይችላል፤ የእግዚአብሔር እውቀት ግን አይሳሳትም። የማይሳሳት እውቀት ትናንት ካለ ነገ ሌላ ነገር የማደርግበት በር የት ነው? ይህን ጥያቄ በቁም ነገር ይዞ ካገኘናቸው ጸሐፊዎች አንዱ በ524 ገደማ የተገደለው ሮማዊው ቦኤቲየስ ነው። እስር ቤት ሆኖ ሞቱን እየጠበቀ በጻፈው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ፣ እግዚአብሔር ከጊዜ ውጭ ስለሆነ በእርሱ ዘንድ «አስቀድሞ» የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ለእኛ ያለፈውና የሚመጣው ሁሉ ለእርሱ በአንድ እይታ ፊቱ እንደሆነ ያስረዳል። ከዚያም ሁለት ዓይነት ግድ መኖሩን ይለያል። አንድ ሰው ሲሄድ ካየሁት፣ እያየሁት ሳለ እየሄደ መሆኑ ግድ ነው፤ ይህ ግድ ግን የሰውየውን እግር አያንቀሳቅስም።

ይህን ካነበብን በኋላ ለጥቂት ጊዜ ነገሩ የተፈታ መስሎ ነበር። ከመሠረተ ክርስቶስ የመጣው ጓደኛችን ግን የጴጥሮስን ክህደት አነሣ። ጌታችን «ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ ትክደኛለህ» ሲለው፣ ከጊዜ ውጭ የነበረው እውቀት በቃል ተነግሮ ወደ ጊዜ ውስጥ ገብቷል። ቃሉ ከተነገረበት ሰዓት ጀምሮ ያለፈ ነገር ሆኗል፤ ያለፈውን ደግሞ ጴጥሮስ ሊለውጠው አይችልም። የቦኤቲየስ መልስ ትንቢት በሌለበት ቦታ የተሻለ ይሠራል ማለት ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በትንቢት የተሞላ ነው። እኔ አሁንም ቦኤቲየስን እመርጣለሁ፤ ትንቢቱ የጴጥሮስን ድካም የተናገረ እንጂ የፈጠረ አይደለምና። ተቃውሞው ግን ክብደት እንዳለው አልክድም።

በጥናታችን ከሁሉ ይልቅ ያልጠበቅነውን የሰጠን የንባብ ክፍል በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 23 ያለው የቅዒላ ታሪክ ነው። ዳዊት በቅዒላ ከተማ ሳለ ሳኦል እንደሚመጣበት ሰምቶ እግዚአብሔርን ይጠይቃል፤ ሳኦል ይወርዳልን? ይወርዳል። የከተማው ሰዎች አሳልፈው ይሰጡኛልን? ይሰጡሃል። ዳዊትም ስድስት መቶ ከሚያህሉ ሰዎቹ ጋር ከተማዋን ለቅቆ ወጣ፤ ሳኦልም መምጣቱን ተወ። እግዚአብሔር የተናገረው ነገር አልተፈጸመም፤ ሐሰትም አልነበረም። ዳዊት ቢቆይ ኖሮ የሚሆነውን ነገረው። ኢየሱሳውያን ከሚባለው የካቶሊክ ማኅበር የሆነው ስፔናዊው ሉዊስ ዴ ሞሊና በ1588 ባሳተመው ሥራው ያዳበረው ትምህርት በዚህ ዓይነቱ እውቀት ላይ ያረፈ ነው። እግዚአብሔር ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ያውቃል፤ እንዲሆን የወሰነውንም ያውቃል፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ እያንዳንዱ ነጻ ፍጡር በየትኛውም ሁኔታ ውስጥ ቢገባ በራሱ ፈቃድ ምን እንደሚመርጥ ያውቃል፤ ዓለምንም የፈጠረው ይህን ሁሉ እያወቀ ነው። በዚህ መንገድ ውሳኔው ሙሉ ሆኖ ይቆያል፣ ምርጫውም የሰው ሆኖ ይቀራል።

ዶሚኒካውያን ከሚባለው ከሌላው የካቶሊክ ማኅበር ወገን ዶሚንጎ ባኜዝ ይህን አልተቀበለም። ገና ያልተፈጠረና ምናልባትም ፈጽሞ የማይፈጠር ሰው «ቢሆን ኖሮ ይህን ይመርጥ ነበር» የሚለውን ነገር እውነት የሚያደርገው ምንድን ነው? እግዚአብሔር ከሆነ ወደ ቅድመ ውሳኔ ተመለስን፤ ሰውየው ከሆነ ሰውየው የለም። ክርክሩ ሮም ደርሶ በሁለት የሮም ሊቃነ ጳጳሳት ዘመን ከታየ በኋላ በ1607 ሁለተኛው፣ ጳውሎስ አምስተኛ፣ ማንም ወገን ሌላውን መናፍቅ እንዳይል አዝዞ ያለ ፍርድ ዘጋው። ነገሩን በቅንፍ ለማስታወስ ያህል፣ በዚያው ጊዜ እንደ ሞሊና ከኢየሱሳውያን ማኅበር የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ገብቶ በአገራችን ይኖር ነበር፤ በሱስንዮስ ዘመን ደም ያፋሰሰው ሙግት ግን በክርስቶስ ባሕርይ ላይ እንጂ በዚህ ጥያቄ ላይ አልነበረም። ለዚህም ይመስለኛል በጉዳዩ ላይ የእኛ ሊቃውንት እንደ ምዕራባውያኑ የተሰለፉበት የጎራ ስም የሌለን።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለት የውሳኔው፣ የሚከብደው በሮሜ ምዕራፍ 9 ነው። ያዕቆብና ዔሳው ገና ሳይወለዱ፣ በጎም ክፉም ሳያደርጉ ተለይተዋል፤ ሸክላ ሠሪውም ከአንድ ጭቃ ለክብርም ለውርደትም ዕቃ ይሠራል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የሮሜን መልእክት ሲተረጉም የሸክላው ምሳሌ የሰውን ፈቃድ ለመሻር እንዳልመጣ፣ ሰው ፈጣሪውን ከመሞገት እንዲቆጠብ ለማስተማር ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ይህን ከዘጸአት ጋር አስተያይተን ስናነብ የፈርዖን ታሪክ ቅደም ተከተል ጠቃሚ ሆኖ አገኘነው። በመጀመሪያዎቹ መቅሠፍቶች ፈርዖን ልቡን አደነደነ፣ ወይም ልቡ ጸና ይባላል፤ እግዚአብሔር ልቡን አጸና የሚለው ቃል በተፈጸመ ድርጊት መልክ የሚመጣው በስድስተኛው መቅሠፍት፣ በምዕራፍ 9 ቁጥር 12 ነው። እንግዲህ ማጽናቱ ሰውየው አስቀድሞ በመረጠው ላይ የመጣ ፍርድ ነው ማለት ይቻላል። ከቤቴል ወገን ያደገችው እኅታችን ግን እግዚአብሔር ልቡን እንደሚያጸና ለሙሴ የነገረው ገና ከመጀመሪያው፣ በምዕራፍ 4 መሆኑን አስታወሰችን። ልክ ናት፤ ቅደም ተከተሉ ብቻውን ጉዳዩን አይዘጋውም።

እዚህ ላይ ስለ ተሐድሶ መምህሩ ስለ ካልቪን ተከታዮች አንድ ነገር መናገር ተገቢ ነው፤ ብዙዎቻችን በወሬ ብቻ ስለምናውቃቸው ሰውን አሻንጉሊት ያደርጋሉ ብለን እንደመድማለን። ለሰው ፈቃድ የበለጠ ቦታ የሰጠውን የአርሚኒየስን ተከታዮች ያወገዘው፣ በ1618–1619 በሆላንድ የተደረገው የእነርሱ የዶርድሬክት ጉባኤ እንኳ ጸጋ በሰዎች ላይ እንደ ግንድና እንደ ድንጋይ እንደማይሠራ፣ ፈቃድንም እንደማይሽር ጽፏል። በ1646 በእንግሊዝ የተዘጋጀው የእነርሱ የዌስትሚኒስተር የእምነት መግለጫም እግዚአብሔር የሚሆነውን ሁሉ ወስኗል ካለ በኋላ፣ የኃጢአት ምንጭ እንዳልሆነና በፍጡራን ፈቃድ ላይ ግፍ እንደማይፈጸም ወዲያው ያክላል። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ምን እንደሚያስተሳስራቸው አጥጋቢ መልስ አላገኘሁም፤ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሰርዞ እነርሱን መተቸት ግን ፍትሐዊ አይደለም።

ሦስተኛው የጸጋ ጥያቄ ከሁሉ የጠለቀው ነው። ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ምዕራፍ 2 በአንድ እስትንፋስ «በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ የራሳችሁን መዳን ፈጽሙ» ይልና መፈለግንም ማድረግንም በእናንተ የሚሠራ እግዚአብሔር ነው ብሎ ይቀጥላል። አፈወርቅ ሲተረጉመው፣ አንተ ስትፈቅድ እግዚአብሔር ፈቃድህን ያበረታል ይላል፤ መጀመሪያው እርምጃ ከሰው ይመስላል። የሰሜን አፍሪካው አባት አውግስጢኖስም በመጀመሪያ የሚያስተምረው ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ በ395 አካባቢ ሮሜን ሲተረጉም እግዚአብሔር የመረጠው የሚያምኑትን አስቀድሞ አውቆ እንደሆነ ጽፏል። ጥቂት ቆይቶ ጥያቄ ለላከለት ለሚላኑ ሲምፕሊክያኖስ በሰጠው መልስ ግን አሳቡን ለወጠ፤ ምክንያቱም «ያልተቀበልኸውስ ምን አለህ?» የሚለው የቆሮንቶስ ቃል እምነትን ጭምር ስጦታ ያደርገዋል። በስተእርጅናው የቀድሞ ሥራዎቹን ሲገመግም፣ በዚያ መልስ ለሰው ነጻ ፈቃድ እንደደከመ፣ በመጨረሻ ግን የእግዚአብሔር ጸጋ እንዳሸነፈ ተናግሯል። ከዚህ በኋላ የመጣው የምዕራቡ ክርክር፣ ሉተርና ሊቁ ኢራስመስ በ1524–1525 በነጻ ፈቃድ ላይ ያደረጉት ሙግት ሳይቀር፣ በአብዛኛው ከዚህ ቦታ የተነሣ ነው።

እኔ በተማርሁበት ትምህርት ጸንቼ፣ እሳትና ውኃን በፊትህ አኑሮልሃል፣ እጅህን ወደ ወደድኸው ትሰድዳለህ የሚለውን የሲራክን ምክር ይዤ ከአፈወርቅ ጋር እቆማለሁ። የአውግስጢኖስ ጥያቄ ግን አይለቀኝም፦ ያው ስብከት የተሰበከላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ሲያምን ሌላው ባያምን፣ ያመነው በምን በለጠ? በራሱ ከሆነ የሚመካበት አገኘ፤ በጸጋ ከሆነ ሌላው ለምን አልተሰጠውም? እግዚአብሔር ሰዎች ሁሉ ሊድኑ እንደሚወድ ለጢሞቴዎስ ተጽፏልና የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። አንዳንዶቻችን እንደ አንድምታ ሁለቱንም ትርጓሜ ጎን ለጎን እናስቀምጥ ብለን ሞክረን ነበር፤ ነገር ግን አንዱ «መጀመሪያው ከሰው ነው»፣ ሌላው «ከሰው አይደለም» ሲል በ«አንድም» አይታረቁም።

ለአዲስ አጥኚ ቡድን አንድ ክፍል ብቻ ምረጡ ብባል የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን እሰጣለሁ። ማዕበል በያዘው መርከብ ላይ ጳውሎስ ከመካከላችሁ አንድ ነፍስ እንኳ አይጠፋም ብሎ ከመልአኩ የሰማውን ያውጃል። መርከበኞቹ በታንኳ ሊያመልጡ ሲሉ ግን ለመቶ አለቃው «እነዚህ በመርከቡ ካልቆዩ እናንተ ልትድኑ አትችሉም» ይለዋል፤ ወታደሮቹም የታንኳውን ገመድ ቆረጡ። ሁለት መቶ ሰባ ስድስቱም በደኅና ወደ ምድር ወጡ። ለሞሊና ወገን፣ እግዚአብሔር ወታደሮቹ ጳውሎስን እንደሚሰሙት አውቆ ተናገረ፤ ለካልቪን ወገን፣ መጨረሻውን የወሰነ መንገዱንም ወሰነ፣ ገመድ ቆረጣውም በውሳኔው ውስጥ ነበረ፤ ለእኔ ደግሞ ተስፋው ሰዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው እንዲቀመጡ አላደረጋቸውም። ሦስታችንም አንዱን ጽሑፍ እያነበብን በቃሉ ላይ ሳንጨምርና ሳንቀንስ እስከዚህ መድረሳችን ለእኔ ትልቅ እድገት ነው።

አሁን የያዝነው የጸሎት ጥያቄ ነው። ሁሉ የተወሰነ ከሆነ ምን ያስጸልያል ለሚለው ካቶሊካዊው ሊቅ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሰጠው መልስ ከመርከቡ ታሪክ ጋር ይገናኛል፤ የምንጸልየው ውሳኔውን ለመለወጥ ሳይሆን እግዚአብሔር በጸሎት በኩል እንዲሆን የወሰነውን ለመቀበል ነው ይላል። በኢሳይያስ ምዕራፍ 38 ግን ሕዝቅያስ ትሞታለህ፣ በሕይወትም አትኖርም ከተባለ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አልቅሶ ጸለየ፣ ዐሥራ አምስት ዓመትም ተጨመረለት። የአኲናስ መልስ ይህን ቃል ሳያጣምም ይሸከመው እንደሆነ በሚቀጥለው ስብሰባ እንነጋገራለን፤ የአኲናስን አቋም የማስረዳቱ ተራ የእኔ ነው።