በውሃ ተከብቤ ውሃ የቆጠርኩባቸው አሥር ቀናት

በፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል ያለችው ደሴት፣ ፋካራቫ፣ የደረስኩ ዕለት ማታ ሻወር ቤት ገብቼ ረጅም ሰዓት ቆየሁ። የመንገዱ ላብ፣ ጨዉና አሸዋው ከላዬ ካልወረደ አልወጣም ብዬ ነበር። ስወጣ የፔንሲዮኑ፣ ማለትም ያረፍኩበት የእንግዳ ማረፊያ፣ ባለቤት በር ላይ ጠበቁኝ። ሁላችንም ማማ ነው የምንላቸው፤ እዚያ ትልልቅ ሴቶች በአክብሮት የሚጠሩት እንዲህ ነው። ምንም ሳይሉ እጄን ይዘው ከቤቱ ጀርባ ወሰዱኝ። ከጣሪያው በአሸንዳ የሚወርደውን ዝናብ የሚያጠራቅም ትልቅ ታንከር ቆሟል። በጣታቸው ከላይ ወደ ታች አንኳኩት። እስከ ጉልበቴ ድረስ ባዶ ይጮሃል። ከዚያ በታች ድምፁ ወፈረ።

«ዝናብ ካየን ሦስት ሳምንት ሆነን፣ ልጄ። ያለችን ይቺ ናት።»

ቁጣ አልነበረባቸውም። እኔ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወራት ሙሉ ሳነብ የቆየሁት ስለ ሻርክና ስለ ኮራል ነበር። ስለሚጠጣ ውሃ አንድም ቀን አላሰብኩም።

ፋካራቫ በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ፣ በቱአሞቱ ደሴቶች መካከል ያለ አቶል፣ ማለትም ባሕር የከበበ የኮራል ቀለበት ነው። ከዋና ከተማዋ ከፓፔቴ በትንሽ አውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ርዝመቱ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ የሚረገጠው መሬት ግን ቀጭን ቀለበት ብቻ ነው። በአንድ በኩል ውቅያኖሱ ይደበድባል፣ በሌላው በኩል ላጉኑ፣ ቀለበቱ የከበበው ባሕር፣ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ተራራ የለም፣ ወንዝም የለም። ምክንያቱን ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1842 አስረድቶታል። መጀመሪያ እሳተ ገሞራ ነበር። በዙሪያው ኮራል አበቀለ። ተራራው ቀስ እያለ ሲሰምጥ ኮራሉ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ እያደገ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1952 ተመራማሪዎች በማርሻል ደሴቶች፣ ኤኒዌታክ አቶል ላይ ሲቆፍሩ ከ1,200 ሜትር በላይ ኮራል ካለፉ በኋላ የእሳተ ገሞራውን ድንጋይ አገኙት። እኔም የቆምኩት በሰመጠ ተራራ መቃብር ላይ ነበር። የዘነበው ዝናብ በኮራሉ ፍርስራሽ ውስጥ ይሰርግና ቀለል ስለሚል ከጨው ውሃው በላይ ይንሳፈፋል። ብዙ ከቀዱት ጨዉ ከሥር ይመጣል። ለዚህ ነው ጣሪያው ያን ያህል የሚከበረው።

ከዚያ ማታ በኋላ በአንድ ባልዲ መታጠብ ለመድኩ። ፀጉሬን ለማለቅለቅ ሁለት ጣሳ ይበቃል። ሳሙናውን ሳሽ ቧንቧው ይዘጋል።

የጨው ውሃውም ቢሆን የራሱ ሰዓት አለው። ላጉኑ ከውቅያኖሱ ጋር የሚገናኘው በሁለት ዋና በሮች ነው። የሰሜኑ ጋሩአኤ በጣም ሰፊ ነው። የደቡቡ ቱማኮሁዋ ጠባብ ነው። ባሕሩ ሲሞላ የውቅያኖሱ ውሃ በእነዚህ በሮች ይገባል፣ ሲጎድል ይወጣል። እኔ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ደቡብ ሄጄ ለመዋኘት አቅጄ ነበር። ጀልባ የሚነዳው ልጅ ራሱን ነቀነቀ። «ጠዋት ውሃው ይወጣል። አንቺንም ይዞሽ ይወጣል።» ሁለት ቀን ጠበቅኩ። ከፈረንጅ አገር አብረውኝ የመጡ ጥንዶች የቀራቸው አንድ ቀን ብቻ ስለነበር ሳያዩት ተመለሱ። አሥር ቀን መያዜ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው። አቶል ላይ ከሳምንት በታች መሄድ ለእኔ አያዋጣም።

በአራተኛው ቀን ውሃው ሲገባ ደረስን። ከጀልባው ወርጄ ፊቴን ስነክር ጆሮዬ ውስጥ ልቤ ይመታል። ውሃው እንደ መስታወት ጠርቷል፤ ከውቅያኖስ የሚገባው ውሃ ብዙውን ጊዜ ከሚወጣው ይጠራል። መዋኘት አያስፈልግም ነበር። ፍሰቱ ራሱ ይዞኝ ሄደ። ከሥሬ ኮራሉ እንደ ሜዳ ይሮጣል። ከዚያ አየኋቸው። ግራጫ ሻርኮች፣ አፋቸውን ወደ ውቅያኖሱ አዙረው፣ ጅራታቸውን እምብዛም ሳያንቀሳቅሱ ተደርድረው ቆመዋል። በዚያ በር እስከ 700 ይደርሳሉ። በሰኔና በሐምሌ ጨረቃ ስትሞላ በሺዎች የሚቆጠሩ ግሩፐር ዓሦች ለመራባት ይሰበሰባሉ፤ ያኔ ሻርኮቹ ሌሊት ያድናሉ። ቀን ግን ያርፋሉ። አንዱም ወደ እኔ አልመጣም። በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ሻርክ ማጥመድ ክልክል ነው፤ ይህን ያህል የቀሩትም ለዚህ ይመስለኛል። ስወጣ እያለቀስኩ ነበር፤ መነጽሩ ውስጥ እንባ ሞላ።

ስህተቴ የመጣው በማግስቱ ነው። በፔንሲዮኑ ፊት ለፊት ውሃው ጉልበት ብቻ ይደርሳል ብዬ በባዶ እግር ገባሁ። ኮራል ቁርጭምጭሚቴን ጫረኝ። ቀላል መስሎኝ ተውኩት። በሁለተኛው ቀን አብጦ ቀይ ሆነ። ማማ ሲያዩኝ «ጫማሽ የት አለ?» ብቻ አሉ። ቁስሉን በንጹሕ ውሃና በሳሙና ሲያጥቡልኝ ያፈሰሱት ከዚያው ከታንከሩ ነበር። ስለዚህ ሶል ያለው የውሃ ጫማ፣ ቁስል ማጽጃና ፋሻ ይዛችሁ ሂዱ። ጥሬ ገንዘብም በፓሲፊክ ፍራንክ ፓፔቴ ላይ አውጡ፤ ካርድ ሁሉም ቦታ አይሠራም። የኮራል አካባቢ ዓሣ ራሳችሁ ካጠመዳችሁ ሳትጠይቁ አትብሉ። ሲጓቴራ የሚባለው መርዝ በማብሰል አይጠፋም፤ የትኛው ዓሣ ከየት ሲያዝ እንደሚበላ የሚያውቁት ነዋሪዎቹ ናቸው።

በዘጠነኛው ሌሊት ጣሪያው ላይ ጠጠር የሚወረወር መሰለኝ። ዝናብ ነው! ማማ መብራት አብርተው ወጡ። ድስቱንም፣ ባልዲውንም፣ የዓሣ ሣጥኑንም እየተቀባበልን በጣሪያው ጠርዝ ሥር ደረደርን። እስከ ንጋት ዘነበ። ሻንጣዬን ይዤ ስሰናበታቸው ማማ መጀመሪያ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ታንከሩን አንኳኩተው እጄን ያዙና እንዳንኳኳ አደረጉኝ። እስከ ትከሻዬ ድረስ ወፍራም ድምፅ ነበር።